ጨው የገባበት ውኃ

በአንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ የሚያማስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጨው ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። ጣዕሙ በውኃው ሁሉ ስለሚገኝ ጨው እንዳልጠፋ ምላስ ትመሰክራለች፤ ውኃው ተጥዶ ቢተንም ነጩ ጨው ከድስቱ ግርጌ ተመልሶ ይገኛል። ነገር ግን «ውኃውስ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለዚህ ወር የመረጥነው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቱን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ፥ ዛሬም ፈጽሞ ያልተዘጋ፥ በወጥ ቤትና በታመመ ሕፃን አጠገብም ሥራ ያለው ጥያቄ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በውኃው ላይ አንድ ነገር እንደሚደርስበት ለመረዳት ሚዛንና መስፈሪያ ይበቃል። ጨው ደረቅ ሳለ የሚይዘው ስፍራና በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚይዘው ስፍራ እኩል አይደለም፤ በውኃው ውስጥ ያነሰ ነው። ይልቁንም ሆድ ለማጠብ የሚሰጠው መራራ ጨው፥ ማግኔዚየም ሱልፌት የሚባለው፥ በውስጡ የያዘው ውኃ በእሳት ከወጣለት በኋላ ከእርሱ ጥቂት ብቻ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ቢሟሟና ድምሩ በጥሩ መስፈሪያ ቢለካ፥ ከአንድ ሊትር ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እንግዳ ሲገባ ቤት ጠበበ ማለት የተለመደ ነው፤ እንግዳ ገብቶ ሰው ሁሉ ከቀድሞው ባነሰ ስፍራ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡ ተጠጋግቶ አቀማመጡን ለውጧል ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የውኃን ቅንጣት አፈጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት የውኃ ቅንጣት፥ ሊቃውንቱ ሞለኪውል የሚሏት፥ ከአንድ የኦክሲጅንና ከሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች የተሠራች ናት። ሦስቱ አቶሞች እንደ ዘንግ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በኦክሲጅኑ ላይ የ104 ዲግሪ ተኩል ማእዘን ሠርተው ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው። ስለዚህ በኦክሲጅኑ በኩል ጥቂት የኔጋቲቭ፥ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ጥቂት የፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ጠባይ ይገኛል። ተቃራኒ ወገኖች ስለሚሳሳቡም የአንዲቱ ቅንጣት ሃይድሮጅን የጎረቤቷን ኦክሲጅን ይይዛል። የሃይድሮጅን ማሰሪያ የሚባለው ይህ ነው፤ ብርታቱም በራሷ በቅንጣቲቱ ውስጥ ኦክሲጅንንና ሃይድሮጅንን ካጣመረው ማሰሪያ ሃያ እጅ ያህል ያነሰ ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዲቱ ቅንጣት አራት ጎረቤቶች ይዛ ጸንታ ትኖራለች፤ በመካከላቸው ባዶ ስፍራ ስለሚበዛም በረዶ ከውኃ ቀልሎ ይንሳፈፋል።

በፈሳሹ ውኃ ውስጥም ጎረቤትን የመያዝ ልማድ አልቀረም፤ ነገር ግን አያያዙ አይጸናም። አንዲት ሴኮንድ ለሚሊዮን ብትከፈል፥ ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል እንደ ገና ለሚሊዮን ቢከፈል፥ የአንዱ ማሰሪያ ዕድሜ እንዲህ ያለ አንድ ክፍል ወይም ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነው። ቅንጣቲቱ አንዷን ጎረቤት ለቅቃ ዞር ትልና ሌላዪቱን ትይዛለች። ስለዚህ የውኃ ሥርዓት ሲባል እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር አድርጎ መገመት አይገባም፤ ይልቅስ የሚመስለው ገበያን ነው፤ የእህሉ ተራ፥ የከብቱ ተራ፥ የቅቤው ተራ ቀኑን ሙሉ በየስፍራው ይታያል፥ በዚያ የቆሙት ሰዎች ግን በየጊዜው ሌሎች ናቸው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ ብናስገባ አንባቢ ይቅር ይበለን። በዛሬው ጊዜ «ሥርዓቱ የተስተካከለ ውኃ» እያሉ በጠርሙስ አሽገው፥ ከተራው ውኃ እጅግ በበለጠ ዋጋ፥ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ብለው የሚሸጡ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር አሉ። ማሰሪያው ከላይ በተነገረው ቅጽበት ውስጥ የሚፈርስና የሚታደስ ሆኖ ሳለ፥ በፋብሪካ የተሰጠውን ሥርዓት ጠብቆ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወር የሚከርም ውኃ እንዴት ሊገኝ ይችላል? ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፤ ነገር ግን ለልጅ መድኃኒት መግዣ የተቀመጠ ገንዘብ ለዚህ ሲወጣ ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው።

አሁን ጨውን ወደ ገበያው እናስገባ። የገበታ ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ጥምረት ነው። በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ግን ሁለቱ ተለያይተው፥ አንዱ የፖዚቲቭ ሌላው የኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ይዘው፥ አዮን በሚል ስም ለየብቻቸው ይዞራሉ። የዚህን ሐሳብ መነሻ በ1884 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ያቀረበው ወጣቱ ስቫንቴ አሬኒየስ ነበር፤ መምህራኑ ጽሑፉን አልወደዱትምና ዝቅተኛ ማዕርግ ሰጡት፥ ይሁን እንጂ በ1903 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። እንግዲህ የሶዲየም አዮን በውኃ መካከል በተገኘ ጊዜ በአጠገቡ ያሉት አምስት ወይም ስድስት የውኃ ቅንጣቶች ኦክሲጅናቸውን ወደ እርሱ ይመልሳሉ፤ የክሎሪኑን አዮን የሚከቡት ስድስት ያህል ቅንጣቶች ደግሞ ሃይድሮጅናቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። አንድ የታወቀ ሹም ገበያ ሲገባ በአጠገቡ የቆሙት ሁሉ ፊታቸውን ወደ እርሱ እንደሚያዞሩ ማለት ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ በገበያው ዳር ያለችው ሽንኩርት ሻጭስ የሹሙን መምጣት ታውቃለችን?

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አጠገብ ሰዎች ጥቂት እንጨምር፤ ነገሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነውና። አዮን ሁሉ ጎረቤቶቹን ለእኩል ጊዜ አያቆያቸውም። ሶዲየም የያዛትን የውኃ ቅንጣት ቶሎ ይለቃታል። ማግኔዚየም ግን ትንሽ አካልና እጥፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው ስለ ሆነ፥ ስድስት ቅንጣቶች ይዞ እያንዳንዲቱን ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ለሚበልጥ ጊዜ ያቆያታል። ይህ አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን በንጹሕ ውኃ ካለው ማሰሪያ ዕድሜ ጋራ ሲነጻጸር ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው። አሉሚኒየም አንድ ሴኮንድ ያህል ያቆያታል። ሦስት እጥፍ ኃይል የያዘው የክሮሚየም አዮን ደግሞ ለቀናት! በአንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ የዕድሜ ልዩነት መኖሩን ዐይን አይቶ አይገምትም።

ቍጥሩንም መመልከት ይጠቅማል። በባሕር ውኃ ውስጥ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ይህም ለአንድ የሶዲየምና የክሎሪን ጥንድ ወደ 100 የሚጠጋ የውኃ ቅንጣት ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሹሞቹ ተራርቀው ይሄዳሉ፥ በመካከላቸውም ነጻ ሕዝብ ሞልቷል። አንድ ሊትር ውኃ ሊያሟሟ የሚችለውን ሁሉ፥ ማለት 360 ግራም ያህል ጨው የጠጣ እንደ ሆነ ግን ለአንድ ጥንድ የሚደርሰው ዘጠኝ ቅንጣት ብቻ ነው። ሁለቱ አዮኖች በድምሩ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ይፈልጋሉ፤ ያለው ዘጠኝ ነው። እንግዲህ በዚያ ውኃ ውስጥ ከሹም አጠገብ ያልቆመ፥ አንዳንዱም በሁለት ሹሞች መካከል ያልተያዘ ሰው የለም። ስለ ጨው ውኃ የሚነገረው ሁሉ «ምን ያህል ጨው?» የሚለውን ሳይጠይቁ ቢነገር ሐሰት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከውኃ አፈሳሰስ ነው። ጨው የገባበት ውኃ እንደ ማር ባይሆንም ጥቂት ይወፍራል፥ በቀጭን ቧንቧም ዘግይቶ ይወርዳል ብሎ ሰው ሁሉ ይገምታል። የገበታ ጨው በእርግጥ እንዲህ ያደርጋል፤ መራራው ጨውማ አብዝቶ ያደርጋል። ነገር ግን በ1847 ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ አንዳንድ ጨው የውኃን አወራረድ ይልቁን እንደሚያፋጥነው አስተዋለ። ፖታሲየም አዮዳይድ ከነዚህ አንዱ ነው፤ በክፍል ሙቀት እርሱ የገባበት ውኃ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ቀሎ ይፈስሳል። በ1929 ጆንስና ዶል የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን በቀመር ወሰኑት። ከዚያ በኋላ ጨዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ ማሰሪያውን የሚያጠብቁት ሥርዓት ሠሪዎች፥ የሚያላሉት ሥርዓት አፍራሾች ተባሉ። ትንሽና ብርቱ የሆነው አዮን ሠሪ፥ ትልቅና ደካማ የሆነው አፍራሽ ሆነ። በ1957 ፍራንክና ዌን የተባሉት ሊቃውንት በአዮን ዙሪያ ሦስት ክበብ ሣሉ፤ በቅርቡ ለአዮኑ የተገዛ ውኃ፥ በሩቁ እንደ ቀድሞው ያለ ውኃ፥ በሁለቱም መካከል ለማን እንደሚታዘዝ የተቸገረ ሥርዓተ ቢስ ውኃ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ለብዙ ዘመንም በትምህርት መጻሕፍት ሲሰጥ ቆየ።

ለዚህ ሥዕል ትልቅ ድጋፍ የሆነው የእንቁላል ውኃ ነበር። ፍራንዝ ሆፍማይስተር በ1888 በፕራግ ከተማ የእንቁላል ነጩን ክፍል ወስዶ ልዩ ልዩ ጨው እየጨመረ፥ ፕሮቲኑ ከውኃው ተለይቶ እንዲረጋ ከእያንዳንዱ ጨው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለካ። ውጤቱም ተራ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ሱልፌት ያላቸው ጨዎች በጥቂቱ ያረጋሉ፥ ክሎሪን ያላቸው እጅግ ብዙ ያስፈልጋቸዋል፥ አዮዲን ያላቸውማ ፕሮቲኑን በውኃው ውስጥ ማቆየት ይወዳሉ። ይህ ተራ ከሠሪና ከአፍራሽ ተራ ጋራ የሚገጥም ስለ ሆነ «ጨው ውኃውን ይለውጣል፥ የተለወጠው ውኃ ፕሮቲኑን ይለውጣል» ተባለ። ሰውነታችንም ፕሮቲንና ጨው ያለበት ውኃ ነውና ይህ አባባል እውነት ይሁን ሐሰት ማወቅ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

በ2003 በሆላንድ አገር በአምስተርዳም እነ ሁይብ ባከር ውኃውን ራሱን ጠየቁት። እጅግ አጭር የሆነ የማይታይ ብርሃን ምት ወደ ጨው ውኃው ሰድደው፥ አንዳንድ ቅንጣቶችን በዚያ ምልክት አድርገው፥ በሁለተኛ ምት ምልክት ያለባቸው ቅንጣቶች ምን ያህል ፈጥነው ፊታቸውን እንዳዞሩ ለኩ። ሠሪ የተባለ ጨው ቢገባም፥ አፍራሽ የተባለ ቢገባም፥ ከአዮኑ የመጀመሪያ ክበብ ውጭ ያሉት ቅንጣቶች የሚዞሩት ልክ በንጹሕ ውኃ እንዳሉት ሆነው ተገኙ። ሽንኩርት ሻጯ የሹሙን መምጣት አላወቀችም! ውኃው የወፈረውም በሩቅ ያለው ስለ ተለወጠ ሳይሆን፥ አዮኑ ከነጎረቤቶቹ እንደ አንድ ጠንካራ ድንጋይ በለስላሳው ውኃ መካከል ስለሚሄድ ነው ተባለ። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሆፍማይስተርን ተራ የሚተረጕሙት፥ አዮኖቹ ራሳቸው የፕሮቲኑን ገላና ገላውን የነካውን ውኃ በቀጥታ ስለሚያገኙ ነው በማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለመምህር ምቹ ነበር፤ ግን አላለቀም። በ2010 ከዚያው ወገን የወጣ ሌላ ጥናት፥ ማግኔዚየምንና ሱልፌትን የመሰሉ ሁለት ብርቱ አዮኖች አንድ ላይ ሲገኙ በመካከላቸው ያለው ውኃ ከሁለቱም ወገን ተይዞ እንደሚደነዝዝ፥ ኃይላቸውም ከመጀመሪያው ክበብ አልፎ እንደሚሄድ አሳየ። ሁለት ሹሞች በአንድ ገበያ የተገናኙ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያም በፊት በ1995 ሌበርማንና ሶፐር የተባሉ ሊቃውንት ኒውትሮን በጨው ውኃ ውስጥ እያሳለፉ አቀማመጡን መርምረው፥ ብዙ ጨው የውኃን አሠራር የሚለውጠው ብርቱ ግፊት እንደሚለውጠው አድርጎ ነው ብለው ነበር። ለእኔ ይህ አባባል ከሠሪና ከአፍራሽ ስም ይሻላል፤ ከሌላ የታወቀ ነገር ጋራ ይስማማልና። ንጹሕ ውኃ እየቀዘቀዘ ሲሄድ 4 ዲግሪ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፥ ከዚያ በታች እንደ ገና ይቀላል። ግፊት ቢበዛበት ይህ ነጥብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጨው ቢበዛበትም እንዲሁ ይወርዳል። በባሕር ውኃማ ነጥቡ ከመርጊያው በታች ስለ ወረደ፥ ባሕር ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ እስኪረጋ ድረስ እየከበደ ብቻ ይሄዳል። አራት ጎረቤት የመያዝ ሥርዓት በጨው መላላቱን ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምልክት አላውቅም።

ወደ ወጥ ቤት እንመለስ። ጨው ሲጨመር ውኃ ቶሎ ይፈላል የሚሉ እመቤቶች አሉ። በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው ቢገባ የመፍያው ሙቀት የአንድ ዲግሪ ሩብ ያህል እንኳ አይጨምርም፤ የሚጨምረውም ወደ ላይ ነውና ያዘገያል እንጂ አያፈጥንም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነ፥ ባቄላው አልበስል ቢል መፍትሔው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የግፊት ድስት ነው እንጂ ጨው አይደለም።

ጨው በክረምት የሚያለቅሰውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጨው ውኃን ይዞ ስለሚያቆይ፥ ከጠጣው የጨው ውኃ ላይ የሚነሣው እንፋሎት ከንጹሕ ውኃ ያነሰ ነው፤ 75 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ንጹሕ ጨው ከአየር ውኃ እየሳበ ይረጥባል። ማግኔዚየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ሲደርስ ይጀምራል፤ በደረቅ ወራት እንኳ ይረጥባል። እንግዲህ በበጋ የሚያለቅስ ጨው ከገበያ ያመጣች እመቤት ጨዋ በሚገባ ያልተጣራና ማግኔዚየም ያለበት መሆኑን ትወቅ። ምግብን አያበላሽም፤ ነገር ግን በሚዛን የገዛችው ከፊሉ ውኃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ሕፃን ተቅማጥ በያዘው ጊዜ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እንዳሻሻለው፥ ለአንድ ሊትር ውኃ 2.6 ግራም የገበታ ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ ከጥቂት ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት ጋራ የያዘ ነው። ግሉኮሱ ሶዲየሙን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ያሳልፈዋል፥ ውኃውም ይከተለዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በልኩ ሲሆን ነው። «ቶሎ ይዳን» ብሎ የአንድ ሊትሩን ዱቄት በግማሽ ሊትር የሚበጠብጥ፥ ወይም ጨው ከራሱ የሚጨምር ሰው ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ብዙ ጨው ያለበት ወገን ውኃን ወደ ራሱ ስለሚስብ የሕፃኑ ሰውነት የቀረውን ውኃ ወደ ውጭ ይሰጣል፤ አንጎሉም ይጎዳል። የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው በጥም የሚሞተው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶች ሆይ፤ ዱቄቱ የሚበጠበጥበትን የውኃ ልክ በዐይን አትገምቱ፥ ሊትሩ በታወቀ ጠርሙስ ስፈሩ፤ ሕፃኑ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ቤት ሳታቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የሶዲየምና የማግኔዚየም ልዩነት ምን ያህል እንደሚደርስ በዓለም ላይ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በአገራችን በአፋር ምድር ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳሌ የጨው ሜዳና በአጠገቡ ባለው በዳሎል፥ አንዳንዱ ኩሬ የገበታ ጨው፥ አንዳንዱ ማግኔዚየም ክሎራይድ የበዛበት ነው። በ2019 የታተመ፥ ስፔናዊት ተመራማሪ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የመሩት ጥናት፥ ሶዲየም በበዛበት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ብዙ ዓይነት ረቂቃን ሕያዋን ሲገኙ፥ ማግኔዚየም በነገሠባቸው በጥቁሩና በቢጫው ሐይቅ ሕይወት አላገኘንም አለ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ ማግኔዚየም የያዘውን ውኃ ስለማይለቅ ለሕያው የሚተርፍ ውኃ አይኖርም፥ ጨውም የሕያዋኑን ፕሮቲን ያፈርሳል አሉ፤ በዳሎል ኩሬዎች ያለው ብርቱ አሲድም ከብዙ ጨው ጋራ ሲጋጠም ሌላ እንቅፋት ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ከዳሎል ኩሬ እጅግ ረቂቅ ሕያዋን አግኝተናል ብለው ጽፈው ስለ ነበር፥ በሁለቱ ወገን መካከል ክርክር አለ።

አሞሌ የሚፈልጡት ሰዎች ልዩነቱን በእጃቸው ያውቁታል። ውኃው በፀሓይ ሲተን ቀድሞ የሚረጋው ነጩ የገበታ ጨው ነው፤ እርሱ ተፈልጦ በግመል ይጫናል። መራራው ማግኔዚየም ከቀረው ወፍራም ውኃ ጋራ ይቆያል፤ በመጨረሻ ሲረጋም ብቻውን አይረጋም፥ በእያንዳንዱ አዮን ዙሪያ የነበሩትን ስድስት የውኃ ቅንጣቶች ይዞ ወደ ድንጋይነት ይገባል። ያን ድንጋይ በእሳት አድርቆ ውኃውን ማስለቀቅ ቢፈለግ እንኳ ማግኔዚየሙ ሁሉን አይለቅም፤ ከውኃው ኦክሲጅኑን ያስቀርና ክሎሪኑን በሚያቃጥል የአሲድ ጭስ አድርጎ ይሰድደዋል።